በአፍንጫ የሚጀመር ጥገና

የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ ለአፍንጫ ከባድ ቦታ ነው። ገና ወደ ቅስት በሮቹ ሲጠጉ ቅመሙ፣ ሎሚው፣ የበሰለው ማንጎ፣ የሰነበተው ሽንኩርት፣ ጫት የተጠቀለለበት እርጥብ ቅጠል፣ የከሰሉ ጭስና ኡንሲ የሚባለው ዕጣን ተደራርበው ይቀበሉዎታል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይግልና አቧራው ራሱ መሽተት ይጀምራል። ከገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ አፍንጫውን ተማምኖ የሚተዳደር ሰው አለ። የመኪና ኤሲ ለምን እንደሚሸት ያውቃል፤ ያወቀውንም ያስተካክላል። ብረት ቀጥቅጦ በር የሚሠራ ሰው ሥራውን በዓይን ያሳያል፤ እንጨት ጠራቢውም እንደዚያው። የዚህ ሰው ሥራ ሲያምር ግን የሚታይ ነገር የለውም፤ የነበረው ሽታ መጥፋቱ ብቻ ነው ምልክቱ። ሲወደስ የማይሰማውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን አጠገቡ ቆሜ እጁን ስከታተል፣ በዚህች ከተማ ካየኋቸው የእጅ ሥራዎች ሁሉ ጥንቃቄ የበዛበት ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ በጭሮና በቁልቢ አድርጎ የመጣ ሰው ደንገጎን መውረድ ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ይቀበለዋል። ብዙ ሾፌር ለወራት ያልነካውን የኤሲ ቁልፍ የሚጫነው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው፤ የወራቱ ሽታም አብሮ የሚወጣው ያኔ ነው። ቁልቢን አንግሦ ወደ ድሬ የወረደ ቤተሰብ በመኪናው ውስጥ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ ጫማ ያወለቀ ሰው ሲፈልግ ይታየኛል። ድሬንና ሐረርን ለረጅም ዘመን ያገለገለው ፔዦ 404 ይህ ጣጣ አልነበረበትም፤ ነፋሱ በተከፈተ መስኮት ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ዛሬ ቪትዙም፣ ኮሮላውም፣ ፒክአፑም መስኮቱን ዘግቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚተነፍሰው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለችው ጨለማ ሳጥን ውስጥ ያለፈውን አየር ነው።

ስለ ኤሲ ስናስብ ቅዝቃዜው ይቀድመናል። ሽታውን ለመረዳት ግን ውሃውን ማስቀደም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ ብሩክሊን ውስጥ ለነበረ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ ሲነድፍ፣ የቀረበለት ችግር የሠራተኞቹ ላብ አልነበረም። እርጥበቱ ወረቀቱን ሲያሰፋውና ሲያጠብበው የኅትመቱ ቀለሞች ከቦታቸው ይሸሹ ነበር፤ ማሽኑ የተፈለገው አየሩን በልኩ እንዲያደርቅ ነው። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ ደረሰና ድሬዳዋ ከተማ ሆነች። ማሽኑና ከተማዋ እኩያ ናቸው ማለት ነው። ማሽኑ ወደ መኪና የገባው ዘግይቶ ነው፤ የመኪና አምራቹ ፓካርድ ለእ.ኤ.አ. 1940 ሞዴሉ ሲያቀርበው መሣሪያው የኋላውን ሻንጣ ቦታ ይይዝ ነበር፤ ኮምፕሬሰሩን ለማቆምም ሞተር አጥፍቶ ቀበቶውን ማውለቅ ግድ ነበር።

ዛሬ ያ ሁሉ ዕቃ ተጨምቆ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ገብቷል። የሳጥኑ እምብርት ኢቫፖሬተር ነው፤ በውስጡ ቀዝቃዛ ጋዝ የሚዞርበት፣ በስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች የተሞላ ክፍል። በቅጠሎቹ መሀል ያለው ክፍተት ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ገጻቸውም ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀዘቅዛል። ሞቃቱ አየር ሲነካው፣ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው፣ ውሃ ያወጣል። ውሃው በቅጠሎቹ ላይ ወርዶ ሥሩ ወዳለው ገበታ፣ ከዚያም በአንዲት የጎማ ቱቦ ከመኪናው ውጭ ይንጠባጠባል። ሁሉ ነገር ደኅና ሲሆን ይኸው ነው። ነገር ግን እርጥብ ገጽ አቧራ ይይዛል፤ አቧራው የአበባ ብናኝ፣ የቅጠል ስብርባሪ፣ የሰውም ቆዳ ርጋፊ አለበት። ሞተር ሲጠፋ ሳጥኑ ጨለማ፣ እርጥብና ሙቅ ሆኖ ያድራል። ሻጋታና ባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት አይፈልጉም።

ባለሙያው መኪና ሲቀበል መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ደንበኞቹን ግራ ያጋባል። ኤሲው ከትናንት ማታ ጀምሮ ሳይከፈት እንዲያመጡለት ይፈልጋል። የሰው አፍንጫ ከአንድ ሽታ ጋር ደቂቃዎች ከቆየ ይላመደዋል፤ ሽታውም ራሱ ማራገቢያው እንደተነሣ ባሉት የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው ጎልቶ የሚወጣው። እየከፈተ የመጣ ሾፌር ማስረጃውን መንገድ ላይ በትኖት መጥቷል። ደግሞም ማለዳን ይመርጣል፤ ገበያው ሳይሞቅ፣ የቀፊራ ቅመምና ጭስ ከመኪናው ሽታ ጋር ሳይደባለቅ። ሥራ ሲጀምር እጁን በንጹሕ ውሃ ብቻ ይለቃለቃል፤ ሽቶ ያለው ሳሙና አይነካም። ሽቶ የተንጠለጠለበትን መኪና ሲያገኝ ሽቶውን አውጥቶ ከሩቅ ያስቀምጠዋል፤ በሮቹን ከፍቶ ትንሽ ካናፈሰ በኋላ መልሶ ዘግቶ ይጠብቃል። ኡንሲ ለቤት ነው፤ የበሰበሰ ነገር ላይ ሲጨስ ሁለቱን ሽታ አዋሕዶ ሦስተኛ ይፈጥራል፣ ምርመራውንም ያከብደዋል።

ከዚያ ቁልፎቹን በቅደም ተከተል ይነካል። እዚህ ጋ ነው ዕውቀቱ። ኮምፕሬሰሩን ሳያስነሣ ማራገቢያውን ብቻ፣ አየሩም ከውጭ እንዲገባ አድርጎ ያሽታል። ቀጥሎ የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ይጫናል። ሽታው በዚህ ከቀነሰ መነሻው ከውጭ ነው፤ ከሞተሩ ክፍል ወይም ከፊት መስታወቱ ሥር። ካልቀነሰ ሳጥኑ ውስጥ አለ። አሁን ኤሲውን ይከፍታል፣ ይቆያል፣ ደግሞ ማራገቢያውን ሳያጠፋ ኮምፕሬሰሩን ብቻ ያጠፋል። ይህቺን እርምጃ ብዙ ሰው አያውቃትም። ቀዝቅዞ የነበረው ገጽ መሞቅ ሲጀምር የተጣበቀበት ውሃ ይተናል፤ ሻጋታም ካለ በዚያች ቅጽበት ሽታው ጎርፎ ይመጣል፤ እምክ እምክ የሚል፣ የረጠበ ካልሲ የሚመስል ወይም ወደ ኮምጣጤ የሚያደላ። በመጨረሻ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ያዞረዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከአንዱ በቀር የአየር መውጫዎቹን በየተራ ይዘጋል፤ አንዴ ከመሀል፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ተንበርክኮ ከእግር ሥር ያሸታል። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያሸተው። ረዳቱ ደግሞ በሌላው ወንበር ተቀምጦ ያሸታል፤ የተሰማውን የሚናገረው ግን መጀመሪያ እሱ ነው፣ በጌታው አፍ እንዳይመራ።

በዚህ ፍተሻ የሚለየው ሽታ ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ጣፋጭ፣ የሽሮፕ ዓይነት ሽታ ከማሞቂያው ጋር ከመጣና የፊት መስታወቱ ቅባት ባለው ጉም ከተሸፈነ፣ የሞተሩ ኩላንት በማሞቂያዋ ትንሽ ራዲያተር በኩል እየፈሰሰ ነው። እዚህ ድሬ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሾፌር ራዲያተሩን በኩላንት ፈንታ በተራ ውሃ ይሞላል፤ ተራ ውሃ ጣፋጭ ሽታ የለውም። ስለዚህ ባለሙያው በአፍንጫው ብቻ አይፈርድም። በተሳፋሪው በኩል ያለውን የወለል ምንጣፍ ገልጦ ነጭ ሶፍት በመዳፉ ይጫንበታል። ሶፍቱ ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ከጠጣ የኤሲው መውረጃ ተደፍኗል፤ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ቢያሟልጭ ኩላንት ነው፤ የዝገት ቡኒ ከሆነም ተራ ውሃ የተሞላ ራዲያተር ነው። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ስንት ሺሕ ብር የሚያስወጣ ስሕተት እንደሚቀር አስቡት፤ ዳሽቦርዱን ሙሉ በሙሉ ማውረድና አለማውረድ ማለት ነው።

የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከሆነ ኮፈኑን ከፍቶ በጋለው ማርሚታ መነሻ ላይ የሚንጠባጠብ ዘይት ይፈልጋል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሆነና ማራገቢያው በዝቅተኛ ፍጥነት እምቢ ብሎ በከፍተኛው ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ፍጥነቱን የምትቆጣጠረው ሬዚስተር ወይም ሶኬቷ እየቀለጠች ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሆነ ባትሪው ከልክ በላይ እየተሞላ እንዳይሆን ይለካል። የጭስ ሽታና የቤንዚን ሽታ ሲያገኝ ግን ጨዋታ የለም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም፤ ጭሱ ከሸተተ እሱም አብሮ ገብቷል። መስኮት አስከፍቶ፣ ሞተር አስጠፍቶ፣ ሥራውን ወደሚያውቀው መካኒክ ይልከዋል። የራሱ ያልሆነውን ሥራ አለመንካቱን እኔ ከሙያው እቆጥርለታለሁ።

አንዳንዴ ሽታው ከቅዝቃዜም ከሙቀትም ጋር ግንኙነት የለውም፤ ማራገቢያው በጨመረ ቁጥር እሱም ይጨምራል። ይኼኔ ባለሙያው ፊቱን ጠምዘዝ ያደርግና ጓንት ያደርጋል። ገበያ ዳር የሚያድር መኪና ውስጥ አይጥ ጎጆ ትሠራለች። አንድ ቀን ከአንድ ፒክአፕ ማራገቢያ ውስጥ የተቦጫጨቀ ፊልትሮ፣ የጆንያ ክርና የኦቾሎኒ ልጣጭ ክምር ሲያወጣ አይቻለሁ። ከባቢሌ ኦቾሎኒ የሚያመላልስ መኪና ነበር፤ አይጧ ስንቋን እስከ ዳሽቦርዱ አመላልሳለች። የሞተችው አይጥ ከወጣች በኋላም ሥራው አላለቀም። የነካችውን ፕላስቲክ ሁሉ አጥቦ፣ የገባችበትን ቀዳዳ አግኝቶ በወንፊት ሽቦ ዘጋው።

ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ ሻጋታ ነው፤ የሻጋታውም ምግብ በዚህች ከተማ ከዛፍ ይወርዳል። ከማዳጋስካር መጥቶ እዚህ ቤተኛ ከመሆኑ የተነሣ የአገሩ ሰው «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ባለቀይ አበባው ዛፍ፣ ቅጠሎቹ እጅግ ጥቃቅን ናቸው። መኪና ጥላው ሥር ሲቆም እነዚያ ቅጠሎች በዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ወንፊት ሾልከው ይገባሉ። ትልልቅ ቅጠል ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ እነዚህ ግን ያልፋሉ። ፊልትሮ ካለ እሱ ላይ ይከማቻሉ። ስንት መኪና ግን የፊልትሮ ቦታው ባዶ ሆኖ ይመጣል! አንዱ አጣቢ ወይም አንዱ ቸኳይ አውጥቶ ጥሎታል። ያኔ ቅጠሉ ማራገቢያውን አልፎ እርጥቡ ኢቫፖሬተር ላይ ይለጠፍና እዚያው ይበሰብሳል።

ባለሙያው ይህን የሚያወጣበት መንገድ ነው ቆሜ እንድመለከት ያስገደደኝ። የዝናብ መጥረጊያዎቹን ፈትቶ ወንፊቱን ያነሣል። ከሥሩ ያለው ቦይ በጥቁር፣ ብስባሽ ቅጠል የተሞላ ነው። ቸኩሎ ውሃ የሚለቅበት ሰው ግማሹን ወደ ማራገቢያው ይነዳዋል። እሱ በጣቱና በቀለም ብሩሽ ደረቁን በደረቅነቱ፣ ከመግቢያው ወደ ውጭ እየጎተተ ያወጣል። አንድ እፍኝ ሲያወጣ ቦታውን በስልኩ መብራት ያያል፣ ደግሞ ይጎትታል። ቦዩ ውሃ የሚያገኘው መጨረሻ ላይ፣ ቅጠል ሲያልቅ ነው።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። በተሳፋሪው ፊት ያለውን የዳሽቦርድ ኪስ ሁለት ጎን ወደ ውስጥ ጫን አድርጎ ያወርደዋል፤ ፊልትሮው ከበስተጀርባው ነው። ክሊፖቹን በካቻቢቴ አይጎረጉርም። ለዚህ ብሎ ከፕላስቲክ የቀረጻቸው ቀጫጭን ምላሶች አሉት፤ ጭረት አይተዉም። በድሬ ፀሐይ ዓመታት የደረቀ ፕላስቲክ በትንሽ ግፊት ስለሚሰበር፣ መጀመሪያ በጣቱ እየዳሰሰ የት እንደያዘ ያረጋግጣል። የፈታቸውን ብሎኖች እንዲሁ አይበትንም። ካርቶን ላይ የክፍሉን ቅርጽ በእስክሪብቶ ይስልና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ይሰካዋል። ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ገብቶ የውስጥ ሽቦ እንዳይበሳ ነው። ይህ ሥርዓት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ድሬ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት፤ በቶርኖ እየቀረጹ፣ የፈቱትን ቆጥረው እየገጠሙ የኖሩ ሰዎች ልምድ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተሻግሯል።

ማራገቢያውን አውርዶ ሲያገላብጠው የምወደው ክፍል ይመጣል። ክብ ከበሮ የመሰለ ነው፤ ዙሪያውን የቆሙ ብዙ ጠባብ ምላጮች አሉት። አቧራው በምላጮቹ ጎባጣ ፊት ላይ ተጋግሮ ጠጥሯል። እያንዳንዱን በብሩሽ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ያጸዳል፤ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም። አንድ ምላጭ ላይ የተሰካች ትንሽ የብረት ክሊፕ አየሁ። ረዳቱ ቆሻሻ መስላው ሊነቅላት እጁን ሲዘረጋ ባለሙያው «ተው አቦ! እሷ ናት ሚዛኑ» አለው። ፋብሪካው ከበሮው ሲሽከረከር እንዳይንቀጠቀጥ የሰካት ክብደት ናት። ብትነቀል መኪናው ሽታው ጠፍቶለት ጩኸት ይዞ ይመለስ ነበር። ግማሽ ምላጮችን አጽድቶ ግማሹን መተውም ያው ነው፤ ሚዛን ያስታል።

ኢቫፖሬተሩን ሳያወርድ ነው የሚያጥበው፤ ማውረድ ጋዙን ማስወጣትና ግማሽ ዳሽቦርድ መፍታት ስለሚጠይቅ። የማራገቢያውን ሬዚስተር ያወልቅና በቀዳዳው ትንሽ ካሜራ ያስገባል። በስልኩ መስታወት ላይ የአሉሚኒየሙ ቅጠሎች ይታያሉ፤ የላዩ ብሩህ፣ የታችኛው ጥግ ግራጫ ጸጉር የበቀለበት። በዚያው ቀዳዳ ረጅም ግልጽ ቱቦ አስገብቶ የኢቫፖሬተር ማጽጃ አረፋ ከታች ጥግ ጀምሮ ወደ ላይ ይሞላል። በረኪና አጠገቡ አያደርስም። በረኪና አሉሚኒየም ይበላል፤ ዛሬ ሽታ ያጠፋ መስሎ ነገ ጋዝ የሚያስወጣ ቀዳዳ ይተዋል። ቤንዚን የሚረጭም አይቻለሁ ይላል፤ እሳት መጥራት ነው። አረፋው ሥራውን እስኪሠራ ይጠብቃል፤ ደጋግሞ ያያል፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ በስሪንጅ በቀስታ ይለቃል፣ ከሽቦና ከሶኬት እየራቀ።

ይህ ሁሉ ውሃ የሚወጣበት ጎማ አስቀድሞ ተከፍቷል። እሱንም ያለ ችኮላ ነው የከፈተው። በኮምፕሬሰር ኃይለኛ አየር የሚነፋ ሰው ጎማውን ከመገጣጠሚያው ሊያወልቀው ወይም ጭቃውን መልሶ ወደ ሳጥኑ ሊረጨው ይችላል። ባለሙያው መኪናው ሥር ተንጋልሎ የጎማውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ጨመቅ ለቀቅ ያደርጋል፤ የደረቀው አቧራ ሲሰነጠቅ ይሰማል፤ ቀጥሎ ጫፏ የተጠቀለለች ለስላሳ ሽቦ አስገብቶ ያዞራል። መጀመሪያ ጠብታ፣ ከዚያ ጥቁር ውሃ ይወርዳል፤ ጆግ ይዞ ይቀበለዋል። ውሃው ሲጠራ ነው የሚነሣው። ከነሽታው ጆጉን ለባለመኪናው ያሳያል፤ ሲተነፍሱት የነበረው እሱ ነውና ማየት አለባቸው ብሎ ያምናል። ትክክል ነው።

የተጎበጡ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በቀዳዳው ከደረሰላቸው ያቃናል። መሣሪያው ከቀፊራ የተገዛ ጥርሱ የጠበበ የፀጉር ማበጠሪያ ነው፤ ከረጅም እጀታ ጋር አስሮታል፣ ጥርሶቹንም በአሸዋ ወረቀት አሳስቷል። ሦስት አራት ቅጠል ብቻ ይዞ፣ ወደ ቀናው ወገን እየሳበ ያስተካክላል። ማንም የማያየው ቦታ ነው፤ አየሩ ግን እዚያ ይደርሳል። ከዚያ ሁሉንም ገጥሞ፣ አዲሱን ፊልትሮ ጎኑ ላይ ያለችውን ቀስት የአየሩን አቅጣጫ አስይዞ ያስገባል። ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ማራገቢያውን ከፍ አድርጎ፣ መስኮቶቹን አውርዶ ሳጥኑን ያደርቀዋል። እርጥብ ትቶት የሄደ ሰው በሳምንቱ እንደገና ይጠራል።

ጋዝ ስለመሙላት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ኤሲ ሲሸት «ጋዝ አልቆበት ነው» የሚል ምክር በየቦታው አለ። አር 134 ኤ የተባለው ጋዝ በዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው፤ ሽታውም እጅግ ደካማ ስለሆነ ለዚህ ክርፋት ተጠያቂ አይሆንም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቅዝቃዜ የጨመረለት ሻጋታ ይዞ ይሄዳል። ኢቫፖሬተሩ ራሱ ከተበሳ ግን ከጋዙ ጋር የሚዞረው ዘይት ቅጠሎቹ ላይ የቅባት እድፍ ይተዋል፤ ካሜራው ያንን ካሳየው ባለሙያው እጥበቱን አቁሞ እውነቱን ይናገራል።

ኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ሲመጡ ይህ ሙያ ይሞታል ያሉ ነበሩ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ወሬው ጨምሯል። የተቃጠለ ዘይትና የጭስ ሽታ በእርግጥ ይቀራል። ነገር ግን ባትሪ የሚያሽከረክረው ኮምፕሬሰርም አየሩን ሲያቀዘቅዝ ውሃ ያወጣል፤ ውሃውም በጎማ ነው የሚወርደው። አንዳንዶቹ ከቆሙ በኋላ ማራገቢያውን በራሳቸው አስነሥተው ሳጥኑን ያደርቃሉ። የሌሎቻችን መኪና ይህን ስለማያደርግ እኛው ልናደርግለት እንችላለን፤ ከመድረሻችን ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ኤሲውን አጥፍቶ ማራገቢያውን ብቻ መተው ነው። ባለሙያው ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይነግራል፤ ሥራውን እንደሚቀንስበት እያወቀ።

ከሁሉ የሚከብደው ዋጋውን ማስረዳት ነው። ዲናሞ የቀየረ መካኒክ አሮጌውን ዲናሞ በእጅ ያስረክባል። እሱ ግማሽ ቀን ሠርቶ የሚያስረክበው ጥቁር ፊልትሮና አንድ ጆግ ቆሻሻ ውሃ ነው። በቀፊራ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታከፋፍል አንዲት እናት ቪትዟን ልትወስድ መጥታ ነበር።

«ምኑን ቀየርከው ልጄ?»

«ፊልትሮ ብቻ ነው እናቴ። ሌላው አጠባ ነው።»

«ጋዝስ አልሞላህም?»

«ጋዙማ ሙሉ ነው። ይቀዘቅዝልሽ የለ?»

«ይቀዘቅዛል። ታዲያ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምትጠይቀኝ?»

አልተከራከራትም። ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጠና ነገ ማለዳ ከቤት ስትወጣ መስኮቷን ዘግታ እንድትከፍተው፣ ከሸተታት እንዳትከፍለው ነገራት። ሴትየዋ ጥርጣሬዋን ሳትደብቅ ሄደች። በማግስቱ ሽንኩርቷን ሳታራግፍ መጥታ ሙሉውን ከፈለች፤ የእህቷ ልጅ ኮሮላም እንዲሁ እንደሚሸት አነሣችበት።

«ከዛሬ ማታ ጀምሮ ኤሲውን እንዳይነካው ንገሪው» አላት፤ «በጠዋት ያምጣው።»